ሽማግሌ የተላከበት ተራራ

ለስኪ አስተማሪ ዋናው ጥያቄ በረዶ ይመስላችሁ ይሆናል። አይደለም፤ አልጋ ነው። ይህን የነገረችኝ አንዲት አርጀንቲናዊት ናት። የአገሯ ክረምት ሲያልቅ ወደ አውሮፓ ክረምት፣ የአውሮፓው ሲያልቅ ደግሞ ወደ አገሯ እየተመላለሰች በጋ የሚባል ነገር ካየች ዓመታት ያለፏት ሰው ነች። የአስተማሪነት ስልጠናውን አብረን ጨርሰን ጄኔቭ ውስጥ ፕላንፓሌ ሰፈር አንድ ካፌ ተቀምጠናል። ከእሷና ከእኔ ሌላ አንድ እንግሊዛዊና አንድ ፖላንዳዊ አሉ። አራታችንም የውጭ አገር ዜጎች ነን፤ አራታችንም ለመጪው ክረምት የትኛው ስታሲዮን እንደምንቀጠር እየተማከርን ነው። ስታሲዮን የምንለው የስኪ ከተማውን ነው፤ ጄኔቭ የኖረ ሰው ሌላ ስም አያውቅለትም።

«አንድ ክፍል ውስጥ ስንት ሰው እንደሚተኛ ጠይቂ» አለችኝ አርጀንቲናዊቷ። «ከዚያ ጫማው የት እንደሚደርቅ ጠይቂ። ሌላው ሁሉ ወሬ ነው።»

እንግሊዛዊው በበኩሉ ዋናው እንግዳው ነው ባይ ነው። የሚያለቅስን ሕፃን በማታውቂው ቋንቋ ማባበል ተራራ ከመግፋት ይከብዳል አለኝ። እውነቱን ነው። የውጭ አገር አስተማሪ ዕጣው ሕፃናት ናቸው። አዋቂዎቹንና የግል ተማሪዎቹን የአገሩ ልጆች ቀድመው ይወስዷቸዋል፤ ለእኛ የሚተርፈው ሽንቴ መጣ የሚለው ነው፤ እሱም ሱሪ በሱሪ ላይ ደራርቦ፣ ጫማውን ቆልፎ፣ ስኪውን ካጠለቀ በኋላ ነው የሚመጣበት። ፖላንዳዊው ደግሞ ከከፍታ ሌላ የሚያወራው የለውም። ዝቅ ያለ ተራራ ላይ የተቀጠረ ሰው በረዶው ዝናብ ሲሆን ቤቱ ይቀመጣል፤ ቤትህ ተቀመጥ የሚባለው መጀመሪያ የውጭ አገሩ ሰው ነው ይላል።

ሁሉም የተስማሙበት አንድ ነገር ቢኖር የጃንዋሪ ጉድጓድ ነው። ከፈረንጆቹ አዲስ ዓመት በኋላ ቱሪስቱ ሻንጣውን እየጎተተ ሲወርድ ተራራው ጭር ይላል። ትምህርት ቤቶች በፌብሩዋሪ ለዕረፍት እስኪዘጉ ድረስ ማንም አይመጣም፤ አስተማሪውም ያለ ተማሪ፣ ያለ ደመወዝ ምንጣፍ የሚያክል ክፍሉ ውስጥ ይቀመጣል። ስለዚህ ብልህ ሰው ከመፈረሙ በፊት በዚያ ጉድጓድ ውስጥ ምን እንደሚከፈለው ያጣራል።

እኔ ግን ጉድጓዱን እወደዋለሁ፤ ለእነሱ አልነገርኳቸውም እንጂ። ገና የሚውለው እዚያ ውስጥ ነው። ሌላው ሰው ሥራ አጣሁ ብሎ ሲያለቅስ እኔ ማንንም ፈቃድ ሳልለምን ወርጄ ቤተ ክርስቲያኔ እገባለሁ። እግዜር የእነሱን አቆጣጠር ለቱሪስት፣ የእኛን ለእኔ ብሎ የሠራው ነው የሚመስለኝ። ችግሩ ሁዳዴ ነው። ሁዳዴ የሚገባው ሥራው በሚጧጧፍበት ሰሞን ሲሆን የተራራ ምግብ ማለት ደግሞ አይብ ነው፤ የቀለጠ አይብ፣ የተጠበሰ አይብ፣ አይብ ላይ የተነሰነሰ አይብ። እንግዲህ ሌላው ስለ አልጋና ስለ ከፍታ ሲጠይቅ እኔ ስለ ሰራተኞች ምድጃ እጠይቃለሁ። የራሴን ምስር የምቀቅልበት ምድጃ ካለ ሌላው ይደረስበታል።

ሁለት ስታሲዮኖች ተቀብለውኝ ነበር። አንደኛው ቫሌ የሚባለው ክፍለ አገር ውስጥ ነው፤ ከፍ ያለ፣ ፀሐያማ፣ እንግዶቹ ፈረንሳይኛ የሚናገሩ፣ የግል ክፍል የሚሰጥ፣ ከጄኔቭም በባቡር የማይርቅ። ሁለተኛው በዙሪክ በኩል አልፎ ግራውቡንደን ተራሮች ውስጥ ነው፤ ለሁለት አንድ ክፍል፣ እንግዶቹ የዙሪክ ቤተሰቦች፣ ቋንቋው የስዊስ ጀርመንኛ። የእኔ ጀርመንኛ ከትምህርት ቤት ነው የመጣው፤ ዙሪኮች ደግሞ ትምህርት ቤት የምንማረውን ጀርመንኛ ለጋዜጣ ብቻ ነው የሚጠቀሙበት። ሦስቱም ጓደኞቼ ይሄማ ምን ያማክራል፣ ቫሌ ነው እንጂ አሉኝ። እኔም ልቤ ቫሌ ከገባ ሰንብቷል። ሁለቱም መልስ የሚፈልጉት እስከ ሰኞ ነበር።

የቀረችው እናቴ ነች።

እናቴ ጄኔቭ ውስጥ በአንድ አምባሳደር መኖሪያ የወጥ ቤት ኃላፊ ነች። የምንኖረው ለ ሊኞን የሚባል ሰፈር ነው፤ ሕንፃው ከመርዘሙ የተነሳ በእኛ በኩል ዝናብ ሲጥል በዚያኛው ጫፍ ፀሐይ ነው እየተባለ የሚቀለድበት። ስኪ የጀመርኩት በእሷው ፈቃድ ነው። ትምህርት ቤት ክረምት ላይ ልጆቹን ሁሉ ለአንድ ሳምንት ተራራ ይወስዳል፤ እናቴ ትምህርት የተባለን ነገር እምቢ ብላ ስለማታውቅ ፈርማ ላከችኝ። ክፍል ውስጥ ተቀምጠን ስለ በረዶ የምንማር መስሏት ነበር። ፊቴ በፀሐይ ጠቁሮ፣ በዓይኔ ዙሪያ ብቻ የመነጽር ቅርጽ ቀርቶ ስመለስ፣ ልጄን ጉሬዛ አድርገው መለሱልኝ ብላ ለጎረቤት ሁሉ አወራች።

ከዚያ በኋላ እኔ ተራራውን አልተውኩትም፤ እሷም መገረሟን አልተወችም። «ሰው ከታች በሰላም ቆሞ ሳለ ከፍሎ ሽቅብ ይወጣና ተመልሶ ይወርዳል። ላይ ምን ረስቶ ነው?» ትላለች።

ስለ ሥራው ስነግራት አትሄጂም አላለችም። አልመርቅሽም አላለችም። «ገና አልመረቅኩሽም» ነው ያለችው። ይቺ ቃል ምን ያህል እንደምትከብድ እናት ያላችሁ ታውቃላችሁ። ዕድሜዬ በራሴ ፊርማ ለመቀጠር ከበቂ በላይ ነው። ነገር ግን እሷ ሳትመርቀኝ ለፈተና እንኳ ከቤት ወጥቼ አላውቅም። ሳልመረቅ ክረምቱን ሙሉ መሄድ እችላለሁ ወይ? እችላለሁ። በአንድ እግር ስኪ መውረድም ይቻላል። የፈለግኩት ግን ሁለቱንም ነበር፤ ተራራውንም ምርቃቱንም፤ ቀኑ ደግሞ እያለቀ ነው።

ሐሙስ ዕለት ከሥራ ገብታ ካፖርቷን ሳታወልቅ «ሽማግሌ እንልካለን» አለች። ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም።

«ወዴት ነው የሚላከው?»

«ወደሚወስዱሽ ሰዎች ነዋ። ልጄን ወደማላውቀው ቤት ዝም ብዬ አልልክም። ማን እንደሆኑ ይታዩ፣ ይጠየቁ።»

ሽማግሌዎቹ ሁለት ናቸው። አንዱ ከእኛ በላይ ባለው ፎቅ የሚኖሩ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሰው ናቸው። ድሮ ከአዲስ አበባ ተሰደው መጥተው፣ ፖስታ ቤት ደብዳቤ ሲለዩ ኖረው አሁን ጡረታ ወጥተዋል፤ በቤተ ክርስቲያናችን ያላስታረቁት ባልና ሚስት የለም። ሁለተኛው የእናቴ የአክስት ልጅ ነው፤ እኔ አጎቴ እለዋለሁ። ዙሪክ ቪዲኮን የሚኖር፣ ትራም የሚጠግን፣ ወግ ሲጣስ ካየ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው ነው።

ምክክሩ ማታውኑ ተጀመረ፤ ጋሼ እኛ ሳሎን፣ አጎቴ በስልክ። አጎቴ ገና ከመነሻው ተቃወመ። ሽማግሌ የሚልከው ፈላጊው ወገን ነው፤ ሠራተኛ የሚፈልጉት እነሱ ናቸው፤ እንግዲያው እነሱ ለ ሊኞን ድረስ መጥተው ደጅ ይጥኑ እንጂ እኛ ምን ቆርጦን እንሄዳለን አለ። ጋሼ ነገሩን ካገላበጡት በኋላ ሕጉ አጎቴ እንዳለው መሆኑን አመኑ፤ ሆኖም በዚህ አገር የሚቀጠረው ነው ቀጣሪውን የሚለምነው፣ ስለዚህ እኛ እንሄዳለን ብለው ፈረዱ። እኔ በመካከል ሙሽራዋ እኔ መሆኔ ነው ወይ ብዬ ጠየቅኩ። እነሱ የባቡር ሰዓት መመልከት ጀምረዋል።

የእናቴ አሠሪዎች ለሥራ ከአገር ወጥተው ስለነበር ዓርብና ቅዳሜ ነፃ ነች። አጎቴ በማለዳው ባቡር ከዙሪክ መጣ፤ አራታችንም ወደ ቫሌ ተሳፈርን። ጋሼ ግራጫ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ በካፖርታቸው ላይ ነጠላ ደርበዋል። እኔ ሥራ ፈላጊ ነኝ እንጂ ለጋብቻ የታጨሁ አይደለሁም፣ እባካችሁ ቀድሜ ገብቼ ነገሩን ላስረዳ ብዬ መንገዱን ሙሉ ለመንኩ። አጎቴ ሙሽራ አትቀድምም አለኝ። ከዚያ ወደ ጋሼ ዞሮ፣ ሽማግሌ የመጣበት ጉዳይ እሺ ሳይባል እንደማይቀመጥ፣ ውሃም እንደማይቀምስ አሳሰባቸው። ጋሼ ይህን ሳላውቅ ነው ወይ የሸበትኩት ብለው ተቀየሙ።

የቫሌው ስኪ ትምህርት ቤት ቢሮና የጫማ ኪራዩ አንድ አዳራሽ ውስጥ ናቸው። ጋሼ በሩን አልፈው ገና እንደምን ዋላችሁ ሳይሉ አንዲት ፈገግተኛ ሠራተኛ ክንዳቸውን ይዛ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጠቻቸው፤ አንድ ጫማቸውን አወለቀችና እግራቸውን በመለኪያ ላይ አሳረፈች። ለጀማሪ አዛውንቶች ትምህርት የመጡ መስሏት ነው። ጋሼ ደግሞ እንግዳ ሲመጣ እግሩን የሚያጥብ ቤት ያደጉ ሰው ናቸው። እነዚህ ሰዎች ለካ ወግ ያውቃሉ ብለው በልባቸው አመሰገኑ። ውሃውን ሲጠባበቁ እስከ ጉልበት የሚደርስ የፕላስቲክ ጫማ መጣላቸው።

እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር። አጎቴ ከአዳራሹ መሀል እንደ ምሰሶ ቆሞ ጋሼን በዓይኑ ይቆጣቸዋል። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፤ ለቅሶ ይሁን ሳቅ ከኋላዋ ሆኜ መለየት አቃተኝ። ሳቅ ነበር።

ኃላፊው ወጣት ነው፤ ፀሐይ ያጠቆረው፣ መልከ መልካም፣ ስልኩን ከእጁ የማይለይ። ጋሼ በአንድ እግራቸው የራሳቸውን፣ በሌላው የስኪ ጫማ እንዳደረጉ ተነሥተው በጥሩ ፈረንሳይኛ ጠየቁት። የግል ክፍል ትሰጧታላችሁ ወይ? ፓ ደ ፕሮብሌም አለ፤ ችግር የለም ማለቱ ነው። ጾም ላይ ምግቧን ራሷ ማብሰል ትችላለች ወይ? ፓ ደ ፕሮብሌም። ለገና ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች። ፓ ደ ፕሮብሌም። ዝናብ ቢሆን፣ ሥራ ቢጠፋ፣ ብትታመም? ለሁሉም ችግር የለም። በመጨረሻ እናቴ ከበሩ ጠጋ ብላ አንድ ነገር አስጠየቀች።

«ልጄ አንድ ቀን ማታ ሳትመለስ ብትቀር ማን ያውቃል?»

ሰውዬው ለዚህም መልስ አላጣም። የነፍስ አድን ቡድን አለ፣ የሠለጠነ ውሻ አለ፣ ሄሊኮፕተር አለ፣ ኢንሹራንስ አለ አላት። ከዚያ ስልኩ ጠራና ይቅርታ ጠይቆ ወጣ። መልካም ሰው ነበር፤ እኔ በዚያ መልሱ ጭራሽ ወደድኩት።

ወደ ዙሪክ በሚወስደን ባቡር ላይ ጋሼ፣ እሺ ይበልጣል ከሺ፣ ሰውዬው እሺ ባይ ነው ብለው ለእኔ ተከራከሩልኝ። አጎቴ ግን፣ እሱ ራሱ ሺ ጊዜ እሺ አለ እኮ፣ የትኛውን እሺ ከየትኛው እንለየው አለ። ደግሞም ጉዳዩ ገና ከመጀመሪያው ተበላሽቷል፤ ሽማግሌ ሆኖ ሄዶ ጫማ ሊለካ የተቀመጠ ሰው ከእርስዎ በፊት አልነበረም ብሎ እስከ በርን ከተማ ድረስ አሾፈባቸው። ጋሼ አልተሸነፉም። ይኸው የእግሬን ቁጥር በደንብ አወቅኩ፤ ዕድሜ ልኬን አንድ ቁጥር አሳንሼ ነው የገዛሁት ለካ፣ ሽምግልናው ቢያንስ ለእኔ ጠቅሟል አሉ። እናቴ በመስኮት እያየች ሄሊኮፕተር፣ ሄሊኮፕተር ትላለች በለሆሳስ።

አጎቴ ቤት ቪዲኮን አደርን። ሚስቱ ሽሮና ጎመን ሠርታ ጠበቀችን፤ ጾመ ነቢያት ገብቷል። ትንሿ ልጃቸው የጋሼን ታሪክ ስትሰማ ዓይኗ በራ።

«ጋሼ ሽኔ ላይ ወደቀ?» አለች፤ በዙሪክ ጀርመንኛዋ በረዶ ማለቷ ነው።

«ወደቁ ይባላል» አላት አባቷ።

ጋሼ ገና አልወደቅኩም፣ ነገ ነው ብለው መለሱላት።

በማግስቱ ኩር በምትባለው ከተማ በኩል አልፈን፣ ከዚያ በፖስታ አውቶቡስ ጠመዝማዛውን መንገድ ወጣን። ግራውቡንደን ደመና ውስጥ ነበር። ቫሌ ያየሁት ፀሐይ እዚህ የለም፤ ቢሮውም አንድ የእንጨት ቤት ነው፤ ኃላፊዋ ፀጉሯን አጭር የተቆረጠች፣ ስልሳን የምትጠጋ ሴት ናት። ስንገባ ወንበር አቀረበች። ሽማግሌዎቹ አመስግነው ቆሙ። የማይመች መስሏት ሌላ ወንበር አመጣች። አመስግነው ቆሙ። ትኩስ ቸኮላታ ላምጣላችሁ አለች፤ ወተት አለበትና ይቅር አሉ። ክፉ ነገር ሊነግሯት የመጡ መስሏት ፊቷ ተለወጠ። ያኔ አጎቴ በዙሪኩ ጀርመንኛ፣ እኛ ጉዳያችን መልስ ሳያገኝ አንቀመጥም፣ የአገራችን ደንብ ነው አላት። ትንሽ አሰበችና የራሷን ወንበር ወደ ኋላ ገፍታ እሷም ቆመች። አምስታችንም እንደ ቆምን ነገሩ ተጀመረ።

አጎቴ ጠየቀ፣ እሷ መለሰች፤ የምትመልሰውም አብዛኛው እምቢ ነው። የግል ክፍል? የለም፤ ለሁለት ነው፣ ከማን ጋር እንደምትሆንም ገና አላውቅም። የጾም ምግብ? የእኛ ወጥ ቤት ያለ አይብና ያለ ሥጋ ማብሰል አያውቅም፣ ቃል አልገባም፤ ሰራተኞች ቤት ግን ምድጃ አለ። ለገና? በጉድጓዱ ሳምንት ከሆነ ትሂድ፤ በፌብሩዋሪ ግን ሞተ የተባለ ዘመድ ቢኖር እንኳ አልለቃትም። ቋንቋውስ? ትናንሾቹን ልጆች ትይዛለች፤ እነሱ ያስተምሯታል፣ ይስቁባታልም። በረዶ ሲበረታ መንገዱ ይዘጋል፤ ያን ጊዜ ማንም አይገባም፣ ማንም አይወጣም። እያንዳንዷን እምቢ በሰማሁ ቁጥር ደስታዬ ጨመረ። ቫሌ ቀናልኝ ብዬ በልቤ ዕቃዬን ማሰር ጀመርኩ።

እናቴ አሁንም ከበሩ ራመድ አለችና ያቺኑ ጥያቄዋን ጠየቀች። አጎቴ ተረጎመላት። ሴትዮዋ ውሻም ሄሊኮፕተርም አልጠራችም። ዞር ብላ በሩ አጠገብ ያለውን ሳንቃ አሳየችን፤ ትናንሽ ምስማሮች ተደርድረውበታል፣ በየምስማሩ ቁጥር ያለበት የብረት ምልክት ተንጠልጥሏል። እያንዳንዱ አስተማሪ ጧት የራሱን አንሥቶ ይወጣል፣ ማታ መልሶ ይሰቅላል።

«ሁሉም ሳይሰቀል እኔ ይህን በር ቆልፌ ቤቴ አልሄድም» አለች።

እናቴ፣ ሳይሰቀል የቀረ ጊዜ አለ ወይ ብላ አስጠየቀች። አለ አለች። አንድ አስተማሪ ምልክቱን ኪሱ ውስጥ ረስቶ በቀጥታ ጭፈራ ቤት ወርዷል። በበረዶው መሀል ሰፈሩን ቤት ለቤት አንኳኩታ፣ ሙዚቃው መሀል ገብታ፣ በሰው ሁሉ ፊት ጆሮውን ልትቆነጥጠው ምንም አልቀራትም። ይህን ስትናገር አሁንም ንዴቱ አልወጣላትም ነበር። አጎቴ ተርጉሞ ሳይጨርስ እናቴ ሳቀች። ከዚያ አጠገቧ ያለውን ወንበር ሳብ አድርጋ ተቀመጠች።

አጎቴና ጋሼ ተያዩ። ሽማግሌው ሳይቀመጥ ላኪው ሲቀመጥ በሕግም በወግም የለም። ግን ነገሩ ማለቁን እነሱም አላጡትም። ጋሼ ቀስ ብለው ተቀመጡ፤ አጎቴም እየተነጫነጨ ተከተላቸው። ሴትዮዋና እኔ ብቻ ቆመን ቀረን፤ ምን እንደተወሰነ ማን ይንገራት? እኔ ነበርኩ ልነግራት የሚገባኝ፤ ግን ሳንቃው ላይ ያሉትን ምስማሮች መቁጠር ጀመርኩ። እናቴ በእጇ ወንበሩን አመለከተቻት፤ ተቀመጠች፤ ቸኮላታው ቀርቶ ሻይ መጣ።

በፖስታ አውቶቡሱ ስንወርድ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። አንዲትም እሺ ሳትል ያሸነፈች ሴት እሷን ብቻ ነው ያየሁት። የግል ክፍሌ ሄደ፣ ፀሐዬ ሄደ፣ ፈረንሳይኛዬ ሄደ፤ የቀሩኝ ምስማርና የሚስቁብኝ ሕፃናት ናቸው። ጋሼ ኩርፊያዬን አይተው ከረሜላ አውጥተው ሰጡኝ፤ ወስጄ በላሁት እንጂ ኩርፊያውን አልተውኩም። ዙሪክ ላይ አጎቴ ወረደ። የጄኔቩ ባቡር ሲነሳ ጋሼ ከፊት ለፊታችን ነጠላቸውን ተከናንበው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«እማዬ፣ የቫሌው ይሻለኝ ነበር» አልኳት ያኔ። «ሁሉ ነገር እዚያ ይሻለኝ ነበር።»

«አውቃለሁ» አለች።

ባወቀች ጊዜ ለምን እንዳልተወችልኝ ልጠይቃት አፌን ስከፍት፣ ሳልጠይቃት መናገር ጀመረች። በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየች ነው የምታወራው። እዚህ አገር ስትመጣ አሠሪዎቿ ሁሉን አዘጋጅተውላት እንደነበር ነገረችኝ፤ ፓስፖርቱን፣ ቪዛውን፣ የሚቀበላትን ሾፌር ሳይቀር። ቤተሰቡም ክፉ አልነበረም፤ ደመወዝ አላጓደለባትም፣ ቃል አልተናገራትም። እኔ ይህን ሁሉ አውቀዋለሁ። የማላውቀው ቀጥሎ የመጣውን ነው። በመጀመሪያው ክረምት በዕረፍት ቀኗ ለብቻዋ ከተማውን ልታይ ወጥታ መንገድ ጠፋባት። ቋንቋ የለም፣ ስልክ የለም፣ አድራሻውን የያዘችበትን ቦርሳ ቤት ትታዋለች። በብርዱ ስትዞር፣ ሐይቁን እያየች ስትመለስ፣ ያገኘችውን ሁሉ በምልክት ስትጠይቅ ዋለች። መሽቶ ሰው ሁሉ ራቱን ከበላ በኋላ በዕድል ደጁን አገኘችው።

«በሩን ከፍቼ ስገባ የት ጠፍተሽ ነው የሚለኝ ሰው ጠበቅኩ» አለች። «እንዲቆጡኝ ፈልጌ ነበር። እንግዳ ነበራቸው፣ እየሳቁ ይጫወታሉ። መውጣቴንም መጥፋቴንም ያወቀ ሰው አልነበረም። ጓዳዬ ገብቼ ካፖርቴን እንደለበስኩ ተኛሁ።»

ስንት ዓመት አብሬያት ስኖር ይህን አንድ ቀን አልነገረችኝም። ኩርፊያዬ የት እንደገባ አላውቅም፤ እጇን ያዝኩት።

«ሄሊኮፕተሩማ የተጠራ እንደሆነ ይመጣል» አለች። «የሚጠራው ግን መጥፋትሽን ያወቀ ሰው ነው። እኔ ስላክ ይህን ቆሞ የጠየቀልኝ አልነበረም። ላንቺ ይጠየቅ ብዬ ነው።»

ስልኬን አውጥቼ ለቫሌው ኃላፊ ስለ መልካም አቀባበሉ አመስግኜ እንደማልመጣ ጻፍኩለት። ወዲያው መለሰ፤ ፓ ደ ፕሮብሌም አለ። ለእናቴ ሳነብላት ሳቋ ባቡሩን ሞላው፤ ከጎናችን የተቀመጡት ሁለት ስዊሶች ጋዜጣቸውን ዝቅ አድርገው አዩን። ሳቋን ስትጨርስ ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች፤ ከዚያ መዳፏን አናቴ ላይ አሳረፈች፣ እዚያው ባቡሩ ውስጥ፣ በሰው መሀል።

«በይ ሂጂ። በወጣሽበት እግርሽ ተመለሺ። ማታ ማታ የሚቆጥርሽ ሰው አያሳጣሽ።»

አሜን አልኩ። ጋሼም ዓይናቸውን ሳይገልጡ ከነጠላቸው ውስጥ አሜን አሉ።